ስልኩን የያዘው መያዣው ነበር

ይድረስ ለክቡር የመንገድ ሥራና የትራፊክ ደኅንነት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ይህን የምጠይቀው ለወጉ ብቻ አይደለም፤ ጤናዎን ከልቤ አጥብቄ እመኛለሁ። ደብዳቤዬ ረዘም ስለሚል ዓይንዎ እንዲበረታ እመኛለሁ። ስድስት ጊዜ ቢሮዎ በር ላይ ቆሜ «ክቡር ኃላፊ» ስል ስላልሰሙኝ ጆሮዎም እንዲበረታ እመኛለሁ። ዕድሜዎም እንዲረዝም እመኛለሁ፤ የዚህን ምክንያት ግን ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታል። ባለቤትዎም ደኅና ይሁኑ፤ ልጆችዎም ከወጡበት ሁሉ በደኅና ይመለሱልዎ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ስለሆነ የእርስዎ መሥሪያ ቤት የሚጽፈውን ዓይነት ደብዳቤ መጻፍ አልችልም። ይህችን ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ ደንበኛ በሌለ ሰዓት በልብስ ስፌት መኪናዬ ጠረጴዛ ላይ አንድ አንድ መስመር እያልኩ ነው የጨረስኳት። የፊደል ግድፈቱን ያረሙልኝ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ እሳቸው በዚህ ጉዳይ እንዴት እንደገቡም እነግርዎታለሁ። በደብዳቤው ውስጥ ጨዋነት ካገኙ ከእሳቸው ነው፣ ቁጣው ግን የራሴ ነው።

ወሬው የደረሰኝ ማክሰኞ ቀን፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ገደማ ነው። የአንድ ደንበኛ ሱሪ ዚፕ እየቀየርኩ ነበር። ከልጄ ጋር በሞተር ሳይክል እቃ የሚያደርሰው ባልደረባው መጥቶ በሱቄ በር ላይ ቆመ። ሌላ ጊዜ ሲመጣ ሄልሜቱን እንኳ ሳያወልቅ «እትዬ፣ ይቺን ቁልፍ በቶሎ ይትከሉልኝ፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው» የሚለኝ ሰው፣ ያን ቀን ሄልሜቱን በሁለት እጁ ሆዱ ላይ አቅፎ ቆመ። ከዚያ «እትዬ፣ ኤሊው ትንሽ ወድቋል» አለኝ። ኤሊው የሚሉት ልጄን ነው፤ ሞተር ሲነዳ ሁልጊዜ ከሁሉም ኋላ ስለሚቀር ጓደኞቹ ያወጡለት ስም ነው። ትንሽ ማለት ምን ያህል እንደሆነ ብጠይቀው፣ ወደ ሄልሜቱ እያየ «ትንሽ ነው፣ ብቻ ሱቁን ይዝጉት» አለኝ። ትንሽ ለወደቀ ሰው ሱቅ እንደማይዘጋ አውቃለሁ። ቢሆንም የጀመርኩትን ስፌት እስከ ጫፉ ድረስ ነዳሁት፤ መርፌው እስካልቆመ ድረስ ልጄ ትንሽ ብቻ እንደወደቀ ይቆይልኛል ብዬ ነው። ያ ሱሪ አሁንም ሱቄ ውስጥ ተሰቅሎ አለ፤ ባለቤቱ መጥቶ ለመጠየቅ አፍሮ ቀርቷል።

ልጄ የወጣው አንድ መነጽር ለማድረስ ነበር። ከመነጽር ቤቱ ተነስቶ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ካርታው እንደነገረው ወደ ቀኝ ታጠፈ፤ ከመታጠፊያው ጀርባም የእርስዎ መሥሪያ ቤት ለውኃ ቧንቧ አስቆፍሮ አፉን እንደከፈተ የተወው ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ያለውን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፣ የጻፉት እርስዎ ነዎትና። መዝገቡ «አሽከርካሪው ስልክ በእጁ ይዞ እየተነጋገረ በፍጥነት ሲያሽከረክር በራሱ ጥፋት ሕይወቱ አልፏል» ይላል። በመጨረሻው ላይ አራት ነጥብ፣ ከአራት ነጥቡ በታች የእርስዎ ፊርማ፣ በፊርማው ላይ ክብ ማኅተም አለ።

ክቡር ሆይ፣ ከእርስዎ ምንም ነገር እንዲሰጡኝ አልጠይቅም። የምጠይቀው ከመዝገቡ ላይ «በእጁ» የሚለውን ቃል እንዲያነሱልኝ ነው፤ እሱ ከተነሳ ተከትለውት የመጡት ቃላት የሚቆሙበት አያገኙም። ለምን እንደምጠይቅ ተራ በተራ አስረዳለሁ፤ እግረ መንገዴንም የሚገባዎትን ምስጋና አቀርባለሁ።

1ኛ. ባለፈው ዓመት ስላወጡት መመሪያ አመሰግናለሁ። «ማንኛውም እቃ አድራሽ ሞተረኛ ስልኩን በመሪው ላይ በመያዣ አስሮ በካርታ እየተመራ ይንዳ፤ በየመንገዱ እየቆመ አላፊ አግዳሚውን በመጠየቅ ትራፊክ አያውክ» ይላል መመሪያው። እውነት ነው፣ ልጄ ከዚያ በፊት ሰው ይጠይቅ ነበር። የሚጠይቀው ግን መሥሪያ ቤትዎ በአንድ ዓመት ውስጥ የቤት ቁጥሮችን ሁለት ጊዜ ቀይሮ፣ አሮጌውንም ሳያነሳ አዲሱን ከጎኑ ስለቸነከረ፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው የሚኖሩበትን ቁጥር ስለማያውቁት ነው። የአርባ አንድ ቁጥር ጎረቤት አራት መቶ ስድስት ነበር። ልጄ «አባባ፣ አራት መቶ ሰባት የት ነው?» ብሎ አንድ ሽማግሌ ቢጠይቃቸው፣ «እኔ ነኝ መሰለኝ፣ ቆይ ወጥቼ በሩን ልየው» እንዳሉት እየሳቀ ነግሮኛል።

መመሪያው እንደወጣ ግን በዚያው ሳምንት ታዘዘ። መጀመሪያ ስልኩን በእህቱ የፀጉር ላስቲክ መሪው ላይ አሰረው፤ ከመንገድ እብጠት ላይ ሲወርድ ተስፈንጥሮ ወድቆ ጥጉ ተሰነጠቀ። ቀጥሎ በፕላስተር ጠቀለለው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ስልክ ሲደወልለት ለማንሳት ፕላስተሩን በጥርሱ መቅደድ ነበረበት። በመጨረሻ ወደ ሞተር ጠጋኙ ወስዶ አራት ጣት ያለው መያዣ አስገጠመ። ጠጋኙ የሞተሩ ንዝረት ስልኩን እንዳያንቀጠቅጠው ከመያዣው ሥር የጎማ ቁራጭ አድርጎ፣ ብሎኑን አጥብቆ፣ «ከአሁን በኋላ ሞተሩ ይገነጠላል እንጂ ስልኩ አይወልቅም» አለው። የፍጥነት መለኪያውን እንዳይጋርድበት ወደ ግራ፣ ዝቅ አድርጎ አስቀመጠው። የሚሄድበትን አድራሻም ሞተሩን ሳያስነሳ አስቀድሞ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ በአንድ ጆሮው ባደረገው ማዳመጫ የካርታዋን ሴትዮ ድምፅ ይሰማል እንጂ ጣቱን አያነሳም። ፀሐይ ሲሆን የስልኩ መስተዋት አልታይ አለኝ ቢለኝ፣ ከተቀደደ ጥቁር ጃንጥላ ጨርቅ ቆርጬ ለስልኩ ጥላ ሰፋሁለት። ጥቁር ክር አልቆብኝ ስለነበር በቀይ ነው የሰፋሁት። «እማ፣ ስልኬን ኮፍያ አለበስሽው እኮ!» ብሎ ስቆብኛል። ይህን ሁሉ የምነግርዎ ስልክን በእጅ ላለመያዝ አንድ ሰው ምን ያህል ሊለፋ እንደሚችል እንዲያውቁልኝ ነው።

2ኛ. በዚያው መመሪያ ላይ ስለገቡት ቃልም አመሰግናለሁ። «የሚቆፈሩና የሚዘጉ መንገዶችን ጽሕፈት ቤታችን በዕለቱ በካርታው ላይ ያሳውቃል» ብለዋል። ጉድጓዱ ከተቆፈረ ልጄ እስከ ወደቀበት ድረስ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል፤ ቀኑን የቆጠረችልኝ ከመታጠፊያው ላይ አትክልት የምትሸጥ ሴት ናት፣ አቧራው ቲማቲሟ ላይ መውረድ የጀመረበትን ቀን አትረሳውምና። ዘጠኙንም ቀን የካርታዋ ሴትዮ «ከሃምሳ ሜትር በኋላ ወደ ቀኝ ይታጠፉ» ስትል ነበር። በእሷ ቂም የለኝም። ያልተነገራትን አትናገርም፤ ሰው ሲሳሳትባትም «ሌላ መንገድ ልፈልግልዎ» ትላለች እንጂ «መዝገቡ ተዘግቷል» አትልም። ከመሥሪያ ቤትዎ ጋር በተያያዘ ጉዳይ እንደ እሷ ያለ ትሑት ሰው አላጋጠመኝም፣ እሷም ሰው አይደለችም።

ጉድጓዱን ሄጄ ለክቼዋለሁ። የልክ መውሰጃ ሜትሬ አንድ ሜትር ተኩል ነው፤ ሙሉውን ብለቀው መሬት ሳይነካ ተንጠልጥሎ ቀረ። ከመታጠፊያው እስከ አፋፉ ያለው ርቀት አራት ጊዜ ሜትሬና ትንሽ ጭማሪ ነው፤ አንድ ሞተረኛ ጉድጓዱን አይቶ የሚቆምበት ቦታ ይህ ብቻ ነው። ሁለት ዱላና አንድ የፕላስቲክ ገመድ የነበረው አጥርዎ ከልጄ ቀድሞ ጉድጓዱ ውስጥ ወድቆ ስለጠበቀውም አመሰግናለሁ። በማግሥቱ ደግሞ ቀይና ነጭ ቀለም የተቀባ፣ መብራት ያለው፣ ዘበኛ የተመደበለት ሌላ አጥር ቆሟል። ለክቼ ሜትሬን ስጠቀልል ዘበኛው ደርሶ «እናት፣ ከዚህ ማለፍ ክልክል ነው፣ አደገኛ ነው» ብሎ ከለከለኝ። አጥሩ ሥራ ከጀመረ ወዲህ መጀመሪያ ያዳነው እኔን ነው።

3ኛ. «በፍጥነት» ስላሉት። ይህን በሕይወት እያለ ጽፈውለት ቢሆን ኖሮ፣ በመስተዋት አስገጥሞ ለእነዚያ ኤሊው ለሚሉት ጓደኞቹ ያሳያቸው ነበር።

4ኛ. አሁን ወደ ቃሉ ልምጣ። አደጋው ሲደርስ በቅርብ የነበረችው ያቺው አትክልት ሻጭ ብቻ ናት። የእርስዎ ተቆጣጣሪ መጥቶ «ስልክ ይዞ ነበር?» ብሎ ጠየቃት፤ እሷም «አዎ፣ ይዞ ነበር» አለችው። ክቡር ሆይ፣ በምንናገረው ቋንቋ ስልክ ይዞ የወጣ ሰው ስልኩ ኪሱ ውስጥ ቢሆንም ይዟል፣ ቦርሳው ውስጥ ቢሆንም ይዟል፣ ሞተሩ ላይ ቢታሰርም ይዟል። እኔ ትንሿን ልጄን ይዤ ሐኪም ቤት ሄድኩ ስል በመዳፌ ጨብጫት ሄድኩ ማለቴ አይደለም። ሴትየዋን ሄጄ ባነጋግራት ደረቷን እየመታች «እትዬ፣ እኔ ይዞ ነበር ያልኩት እኮ ሞተሩ ላይ ነው! ሞተሩ ላይ ልለው አፌን ስከፍት ሰውየው ወረቀቱን አጥፎ ሄደ፤ ጨርሺ እንኳ አላለኝም!» አለችኝ።

ይህን ይዤ (በእጄ ሳይሆን በልቤ ይዤ ማለቴ ነው) ወደ መሥሪያ ቤትዎ መጣሁ። በእኔ ሙያ የተሳሳተ ስፌት በምላጭ ጫፍ ተተርትሮ በደቂቃ ይስተካከላል፤ የእርስዎም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። በመስኮት ቁጥር ሦስት ያለው ወጣት በጣም ትሑት ነው፣ ወንበርም ስቦልኛል። ቅጹንም አውጥቶ አሳየኝ። ስለ ስልክ ሁለት ሳጥኖች ብቻ ናቸው ያሉት፤ አንዱ «ስልክ ይዞ»፣ ሌላው «ስልክ ሳይዝ» ይላል። «እናቴ፣ ልጅዎ ስልክ ነበረው አይደል?» አለኝ። ነበረው፣ በመያዣ ታስሮ፣ አልኩት። «እንግዲያው ሳይዝ ልንል አንችልም፣ ይዞ ነው» አለኝ። የያዘውማ መያዣው ነው፣ ስሙም ከነተግባሩ ስልክ መያዣ ነው፣ ልጄ የያዘው መሪውን ነው፣ ብዬ ባስረዳው ራሱን አከከና «ለመያዣ ሳጥን የለንም» አለኝ። እሺ፣ «በእጁ» የሚለውስ ከየት መጣ? ብዬ ስጠይቀው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ወደ ጣሪያው እያመለከተ፣ መዝገቡን የጻፈው ላይኛው ፎቅ ያለው ሰው እንደሆነና «ስልክ ይዞ» ብቻውን ሲሆን ጎደሎ ስለመሰለው «ዓረፍተ ነገሩ እንዲሞላ» እንደጨመረው ነገረኝ። ስልክ በእጁ ከያዘ ደግሞ የሚያደርገው ነገር መኖር አለበትና «እየተነጋገረ» ተጨመረ። እንዲህ አድርጎ ነው ልጄ፣ አንድ የማላውቀው ሰው ዓረፍተ ነገር እንዲያምርለት ብሎ፣ ከሞተ በኋላ ጥፋተኛ የሆነው።

ሐኪም ቤት ውስጥ ነርሷ የእጅ ጓንቶቹን በከረጢት አድርጋ ሰጥታኛለች። ሁለቱም ከመዳፋቸው እኩል ተልጠዋል። የቀኙ ጣቶች የፍሬኑን፣ የግራው ጣቶች የፍሪሲዮኑን ብረት ቅርጽ እንደያዙ ደርቀው ቀርተዋል። እንግዲህ ሁለቱ እጆች እዚያ ከነበሩ ስልኩን የያዘው ሦስተኛው እጅ ነው ማለት ነው። ልጄ ሦስተኛ እጅ ቢኖረው ኖሮ፣ ወልጄዋለሁና አውቅ ነበር።

5ኛ. በዚህ ቁጥር የጻፍኩትን መምህሩ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁና «ይህ በአደባባይ አይባልም» ብለው ሰረዙት። እርስዎ በግል ማንበብ ከፈለጉ ሱቄ ይምጡ፣ ወረቀቱን አልጣልኩትም።

6ኛ. ትልቁን ምስጋናዬን ያቆየሁት ለማስታወቂያው ነው። ልጄ ከተቀበረ ወር ሳይሞላው መሥሪያ ቤትዎ የሞተር ሳይክሉን ፎቶግራፍ አሳትሞ፣ ከላዩ ላይ «ስልክ ይዞ ነዳ፤ ሕይወቱን ጣለ። እርስዎስ?» ብሎ ጽፎበት በከተማው ሃያ ሰባት መስቀለኛ መንገዶች ላይ ሰቀለው። አንደኛው ትንሿ ልጄ ከምትማርበት ትምህርት ቤት በር ፊት ለፊት ነው። የክፍሏ ልጆች «ወንድምሽ ስልክ ሲጎረጉር አይደል እንዴ የሞተው?» አሏት። አላለቀሰችም፣ አልነገረችኝምም፤ ብቻ በኋላ በር በኩል ለመግባት ሁለት ሰፈር ዞራ መሄድ ጀመረች፣ በየቀኑ ትዘገያለች፣ በየቀኑ ትቀጣለች። ያወቅኩት ጫማዋ ቶሎ ሲያልቅብኝ ነው። የት ነው የምትሄጂበት? ብላት «ሞተሩ በሌለበት በኩል ነዋ» አለችኝ።

እኔም ብሆን ማስታወቂያውን ሁለት ወር ሙሉ ቀና ብዬ አላየሁትም፤ በአጠገቡ ሳልፍ መሬት መሬት እያየሁ ነበር። ባለፈው ወር ግን እነዚያ መምህር ወደ ሱቄ መጡ። ልጄ ሊያደርሰው የነበረው መነጽር የእሳቸው ነው። በጨርቅ ጠቅልሎ በደንብ ስላሰረው ሳጥኑን ጭረት እንኳ አልነካውም ነበርና ሌላ ሰው አድርሶላቸዋል። ሲያዩኝ መነጽሩን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሳላደርገው ልቀር አስቤ ነበር፣ ግን ያለሱ ማንበብ አቃተኝ» አሉኝ። ያድርጉት አባቴ፣ ልጄ የወጣበት ጉዳይ እኮ ይኸው ነው፣ አልኳቸው። መልሰው ካደረጉት በኋላ «ያን ማስታወቂያ በደንብ አይተውታል?» ብለው ጠየቁኝ። አላየሁትም አልኩ። «እንሂድና አብረን እንየው» አሉ።

ሄድን፣ ከሥሩ ቆምን፣ ቀና አልኩ። ሞተሩ የኋላ ጎማው ወደ ሰማይ ተሰቅሎ፣ መሪው በጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቀና ብሎ ቀርቷል። መሪው ላይ፣ በግራ በኩል፣ ዝቅ ብሎ፣ ሰፍቼ የሰጠሁት ጥቁር ጥላ አለ። ማስታወቂያውን አስፋፍተው ስላሳተሙት ከእጄ መዳፍ ይበልጣል። ቀዩ ክሬ ይታያል፤ ከጥጉ ላይ ሦስተኛው ጥልፍ እንደተጣመመ እንኳ ይታያል፣ ያን ጊዜ ትንሿ ልጄ ስትጠራኝ ቀና ብዬ ስለነበር ነው የተጣመመው። ከጥላው ሥር ስልኩ አለ። አራቱም የመያዣው ጣቶች እንደጨበጡት ናቸው፣ አንዱም አልላላም። መስተዋቱም በርቷል፤ ሰማያዊው ቀስት ወደ ጉድጓዱ ያመለክታል። መምህሩም በአዲሱ መነጽራቸው ከታች በኩል ያለውን እንደ ጤፍ ፍሬ የደቀቀ ጽሑፍ ጮክ ብለው አነበቡልኝ፦ «ፎቶግራፉ አደጋው በደረሰበት ስፍራ፣ በዕለቱ፣ ምንም ነገር ሳይነሳ፣ በጽሕፈት ቤታችን ባለሙያ የተነሳ»።

ክቡር ሆይ፣ እንዴት አድርጌ ላመስግንዎ? እኔ ከመስኮት መስኮት እየዞርኩ ስለምን የነበረውን ማስረጃ እርስዎ በራስዎ ባለሙያ አስነስተው፣ አስፋፍተው፣ በቀለም አሳትመው፣ ትክክለኛነቱን ከሥሩ አረጋግጠው፣ ሃያ ሰባት ቦታ ሰቅለውልኝ ኖሯል። ጠበቃ ባቆም እንኳ እንዲህ አያደርግልኝም።

እኔም ውለታዎን ዝም ብዬ አልተቀበልኩም። ከቀይ ጨርቅ ሃያ ሰባት ቀለበቶች ቆርጬ፣ ዳር ዳራቸውን ከፍፌ ሰፋሁ። ከየቀለበቱ ሥር በአንድ ክንድ ጨርቅ ላይ «ስልኩን የያዘው ማነው?» የሚል ጠለፍኩበት። የልጄ ጓደኞች ሞተረኞቹ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሰቅለው ጨረሱ፤ ቀለበቱ የሚያርፈው ልክ በመያዣው ዙሪያ ነው። የመጀመሪያው የተሰቀለው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ነው፣ መሰላሉን የያዘችውም ትንሿ ልጄ ናት። በሁለት እጇ ነው የያዘችው፤ ይህን የምጠቅሰው መሥሪያ ቤትዎ ሲጽፈው እንዳይሳሳት ብዬ ነው። ከዚያ ሰኞ ጀምሮ በቀጥተኛው መንገድ ትሄዳለች፤ ልጆች ከማስታወቂያው ሥር ቆመው ሲያዩ ካገኘችም ጥላውን የሰፋችው እናቷ መሆኗን እየነገረች ታልፋለች።

ሃያ ሰባተኛው ከቢሮዎ መስኮት ፊት ለፊት ያለው ነው። ዕድሜዎ እንዲረዝም የተመኘሁት ለዚህ ነው። ጠዋት ሲገቡና ማታ ሲወጡ፣ ስብሰባ ሰልችቶዎት ወደ ውጭ ሲመለከቱ፣ ለብዙ ዓመታት በጤና እንዲያዩት እፈልጋለሁ። ካስነሱት ለምን እንዳስነሱት ከተማው ሁሉ ይጠይቅዎታል፤ ካላስነሱት ደግሞ ከተማው ሁሉ ቆሞ ያያል። የትኛው እንደሚሻልዎ ሳስብልዎ ሰንብቼ መልስ አጥቻለሁ።

ፀሐይና ዝናብ ጨርቅ እንደሚበሉ አውቃለሁ፤ በየሁለት ወሩ አዲስ ቀለበት እቀይራለሁ። የማቆመው መዝገቡ ላይ «ስልኩ በመሪው ላይ በመያዣ ታስሮ፣ የአሽከርካሪው ሁለት እጆች በመሪው ላይ እያሉ፣ ጽሕፈት ቤታችን አስቆፍሮ ያላጠረውና ያላሳወቀው ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ» ተብሎ ሲጻፍ፣ ይኸውም በሃያ ሰባቱ ቦታዎች በዚያው የፊደል መጠን ሲለጠፍ ነው። እስከዚያ ድረስ ይቅር ትለኛለች ብለው እንዳይጠብቁ። ከዚያ በኋላም እንዳይጠብቁ። እኔ የምጠይቀው ቃሉን ነው፤ ይቅርታው የኔ ነው፣ ለማንም የመስጠት ሐሳብ የለኝም።

በሩ ላይ «ለሕዝብ ክፍት ነው» ተብሎ ለተጻፈለት ቢሮዎ፣ ዓረፍተ ነገር ማሳመር ለሚያውቅበት ላይኛው ፎቅዎ፣ ወንበር ስቦ የሚያሳዝን ዜና ለሚያቀርበው መስኮት ቁጥር ሦስትዎ፣ ዘግይቶም ቢሆን ለደረሰው አጥርዎ ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ቀሪ ዘመንዎ ሁሉ እንደ ማስታወቂያዎ በግልጽ የሚታይ እንዲሆንልዎ በመመኘት፣

ጥላውን የሰፋሁት፣
የሟቹ እናት

ግልባጭ፦
ለከተማው እቃ አድራሽ ሞተረኞች በሙሉ፣
ዓረፍተ ነገሯን ሳትጨርስ ለቀረችው አትክልት ሻጭ።

በኋላ የታከለ፦ ይህን ጽፌ ልዘጋ ስል ከመሥሪያ ቤትዎ አንድ ደብዳቤ በልጄ ስም ሱቄ ድረስ መጣ። «ስልክ ይዞ በማሽከርከር ጥፋት ስለተመዘገቡ በአሥር ቀን ውስጥ በአካል ቀርበው የሁለት ቀን የእርምት ሥልጠና እንዲወስዱ፤ ካልቀረቡ መንጃ ፈቃድዎ እንደሚታገድ እናሳውቃለን» ይላል። እኔ በእሱ ምትክ ፈርሜ ተቀብያለሁ። ጥሪው በአካል ስለሆነ መቅረብ እንዳልቻለ በትሕትና እየገለጽኩ፣ ካለበት ቦታ ለሁለት ቀን የሚያስወጣ ፈቃድ የሚሰጠው በየትኛው መስኮት እንደሆነ ቢነግሩኝ፣ ሌሊቱን ተሰልፌም ቢሆን አወጣለታለሁ። ከተገኘ ግን መልሼ እንደማልልክልዎ ከወዲሁ ይወቁት።

ይህን ያነበባችሁ ወገኖቼ፣ ኃላፊው ያንብቡት አያንብቡት አላውቅም፤ እናንተ ግን አንብባችኋል። እባካችሁ ለልጄ ነፍስ ጸልዩልኝ። ጥፋተኛ ነው ብሎ ላነበበ ሰው ሁሉ ነገሩን ንገሩትና እሱም ይጸልይለት። እኔ ለመጸለይ ስንበረከክ ከመሃል ቁጣው እየገባ የጀመርኩትን ያበላሽብኛል፤ እናንተ ሳትቆጡ፣ ንጹሕ አድርጋችሁ ጸልዩለት።